ትንሹን ሥራ የሚሠራ ማን ነው?

ሰው ስለ አገር ፍቅር ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ ዐይኑን ወደ ትልቁ ነገር ያነሣል። ስለ ጀግናው፥ ስለ ሐውልቱና ስለ ሰንደቅ ዓላማው ያስባል። እነዚህ መታሰባቸው የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ አገር ከሁሉ አስቀድሞ የጎረቤቶች ስብስብ ናት፤ ጎረቤቶችንም የሚያስተሳስራቸው የየዕለቱ ትንሽ ሥራ ነው። ወንበር የሚያመጣ፥ ውኃ የሚያፈላ፥ አዳራሹን የሚከፍትና የሚዘጋ፥ ሁሉም ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ቀርቶ የሚጠርግ ሰው ከጠፋ በዓልም ማኅበርም አይቆምም። እኔ ይህን ነገር በደንብ የተረዳሁት በእንግሊዝ አገር በአንዲት ትንሽ ከተማ ተቀምጬ የበጋውን መጨረሻ ስመለከት ነው። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ያየሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ፍርዱ የእናንተ ይሁን። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከተማዪቱ ሉድሎ ትባላለች። በምዕራብ እንግሊዝ፥ ሽሮፕሽር በሚባለው አውራጃ፥ ከዌልስ ድንበር አጠገብ ትገኛለች። የሕዝቧ ቍጥር ከ10 ሺህ ብዙ አይርቅም። ቲም የሚባለው ወንዝ በግርጌዋ ዞሮ ይሄዳል፤ ከወንዙ በላይ ባለው ኰረብታ ላይ በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተጀመረ ታላቅ የድንጋይ ግንብ ቆሟል። የግንቡ ጣራ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ግድግዳው ግን ዛሬም ያስፈራል። በከተማው መካከል የቅዱስ ሎውረንስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ የደወል ቤቱም ከሩቅ ለሚመጣ መንገደኛ ምልክት ነው። እኔ በሥራ ምክንያት ወደዚያ ሄጄ ጥቂት ዓመታት ተቀምጫለሁ።

የነሐሴ መጨረሻ ለእኛና ለእነርሱ አንድ አይደለም። በእኛ አገር በዚያን ጊዜ ክረምቱ ሊወጣ ይዘጋጃል፤ ደመናው ይሣሣል፥ አደይ አበባ ይፈነዳል፥ ልጆች አዲስ ዓመትን ይጠብቃሉ። በእነርሱ አገር ግን በጋው የሚያልቅበት ጊዜ ነው። ስንዴው ታጭዶ ገለባው በክብ በክብ ተጠቅልሎ በየማሳው ላይ ይታያል፤ ምሽቱ ቀስ በቀስ ያጥራል፤ ብርድና ጨለማ እንደሚመጡም ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ እኛ ደስ የሚለን የሚመጣውን ስለምንቀበል ሲሆን፥ እነርሱ ደስ የሚላቸው የሚሄደውን በመልካም ስለሚሸኙ ነው። በሁለቱም አገር ግን ሰው በዚያ ወራት ብቻውን መቀመጥ አይወድም።

መንግሥታቸውም ለዚህ የሚሆን ቀን ሰጥቷቸዋል። ጆን ለቦክ የሚባል የባንክ ባለቤትና የሕዝብ እንደራሴ በ1871 ባቀረበው ሕግ መሠረት ባንኮች በዓመት በተወሰኑ ቀኖች እንዲዘጉ ተደረገ። ባንክ ሲዘጋ ንግድ ቆመ፤ ንግድ ሲቆም ሠራተኛው ዐረፈ፤ ቀኑም የሁሉ በዓል ሆነ። ከእነዚህ ቀኖች አንዱ መጀመሪያ በኦገስት ወር የመጀመሪያው ሰኞ ነበር። በ1965 ለሙከራ ወደ ወሩ መጨረሻ ተዛወረ፤ በ1971 በወጣውም ሕግ የኦገስት የመጨረሻው ሰኞ ሆኖ ጸና። በእኛ አቈጣጠር ከነሐሴ 19 እስከ 25 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን በየመንደሩ ሜዳ ላይ ነጭ ድንኳን ይተከላል። ማርሽ ባንድ ይነፋል፤ ሴቶች በየቤታቸው የጋገሩትን ኬክ ይሸጣሉ፤ የቶምቦላ ዕጣ ይወጣል፤ ወንዝ ባለበት መንደር ቍጥር የተጻፈባቸው የላስቲክ ዳክዬዎች በውኃው ላይ ተለቀው ይሽቀዳደማሉ። ለእንግዳ ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስለዋል። ነገር ግን ከዳክዬውና ከኬኩ የተገኘው ሳንቲም ተጠራቅሞ የሚያፈስሰውን የቤተ ክርስቲያን ጣራ ያስጠግናል፥ ለመንደሩ አዳራሽ ማሞቂያ ይገዛል፥ ለልጆች መጫወቻ ቦታ አጥር ያሠራል።

ከእነዚህ ሁሉ ልቤን የሳበው የአበባና የአትክልት ውድድር ነበር። ከሉድሎ ወጣ ብሎ ባለ በአንድ ትንሽ መንደር፥ በበጋው መጨረሻ በአንዱ ቅዳሜ፥ ጎረቤቶች በጓሯቸው ያበቀሉትን አምጥተው በአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ። ጠረጴዛው ነጭ ወረቀት ይለብሳል፤ በላዩም ሽንኩርት፥ ቲማቲም፥ ፎሶሊያ፥ ዝኩኒና ድንች ይቀመጣል። ዳልያ የሚባለው አበባ በጠርሙስ ይቆማል። ማርማላታና ኬክ ለብቻቸው ጠረጴዛ አላቸው። ልጆችም ከካሮትና ከዱባ እንስሳ ሠርተው ያቀርባሉ። ሁሉ ነገር ከተቀመጠ በኋላ ባለቤቶቹ ይወጣሉ፤ በሩ ይዘጋል፤ ዳኞቹ ብቻቸውን ይዘዋወራሉ። የባለቤቱ ስም ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ዳኛው የሚፈርደው ለሽንኩርቱ እንጂ ለሰውየው አይደለም።

የፍርዱም ሥርዓት የሚያስደንቅ ነው። በአንድ ሳሕን አምስት ቲማቲም አቅርቡ ከተባለ አምስቱ በመጠን፥ በመልክና በብስለት አንድ ዐይነት መሆን አለባቸው። አራቱ መልካም ሆነው አንዱ እጅግ ግዙፍ ቢሆን፥ ያ ግዙፉ ሳሕኑን ያሳንሰዋል እንጂ አያከብረውም። ዳኛው ፎሶሊያውን ሰብሮ ትኩስ መሆኑን ይመረምራል፤ ኬኩን ቈርጦ ይቀምሳል። ያሸነፈ ሰው የሚያገኘው ሽልማት ሻይ የሚገዛ ያህል ነው። ሆኖም አንድ ጡረታ የወጣ ሰው ለሽንኩርቱ የመጀመሪያነት ካርድ ሲሰጠው እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ሰው የሚደክመው ለገንዘብ ብቻ ነው የሚል ሁሉ በዚያ አዳራሽ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢቆም ሐሳቡን ይለውጥ ነበር።

የዚህ ውድድር ጸሐፊ በጎረቤቴ ያሉ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ሥራውንም ለሠላሳ አንድ ዓመት ይዘውታል። አንድ ቀን ጠረጴዛ የሚሸከም ሰው እንዳጠራቸው ሰምቼ፥ «እኔ ልሸከም» ብዬ ሄድኩ። ሻይ አፍልተው ካጠጡኝ በኋላ አንድ ጥቍር ደብተር አመጡ። «ውድድራችን ይህ ነው፤ ሌላ ምንም የለም» አሉኝ።

ደብተሩን ገልጬ አነበብኩት። በግራ በኩል ሥራው፥ በቀኝ በኩል የሠሪው ስም ተጽፏል። የአዳራሹ ቍልፍ በማን እጅ እንዳለ፥ ትልቁ ማንቈርቈሪያ ከየት እንደሚመጣ፥ ዳኞቹን ለምሳ የሚጋብዝ፥ የዋንጫውን ብር የሚወለውል፥ የመኪና ማቆሚያውን ገመድ የሚዘረጋ፥ በማግስቱ ቆሻሻውን የሚወስድ ሁሉ አንድ ሳይቀር ተመዝግቧል። ብዙ ስሞች ተሰርዘው በላያቸው ሌላ ስም ተተክቷል። ከተሰረዙት አብዛኞቹ የሞቱ መሆናቸውን ነገሩኝ። በመጨረሻዎቹ ገጾች ግን ስሙ ይሰረዛል እንጂ በላዩ ሌላ አይጻፍም ነበር፤ በባዶው ቦታ ሁሉ የባልቴቲቱ የራሳቸው ስም ገብቷል። እኔም ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚደሰትበት በዓል በአንዲት አሮጊት ጕልበት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው፤ ጕልበቴ እንቢ ብሎኛል» አሉ። «ከእርስዎ በኋላ ማን ይይዘዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ማንም የለም፤ ከውድድሩ በኋላ ስብሰባ አለ፤ ሰው ካልተገኘ ይዘጋል» ብለው ደብተሩን ከደኑት። ውድድሩም በሚገባ ተፈጸመ። ሰዉ በጣም ተደሰተ፤ «በሚመጣው ዓመት እንገናኝ» እየተባባለ ተለያየ። በሚመጣው ዓመት የሚገናኙበት አዳራሽ ማን እንደሚከፍተው ግን የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በሴፕቴምበር ሁለተኛ ሳምንት፥ ልክ በእኛ እንቁጣጣሽ ሰሞን፥ በሉድሎ ግንብ ውስጥ የምግብ በዓል ሆነ። ይህ በዓል የተጀመረው በ1995 ነው፤ ዓላማውም የአካባቢው ገበሬ፥ ዳቦ ጋጋሪና ሉካንዳ የሠራውን ለማስተዋወቅ ነው። እንግዳው ቲኬት ይዞ ከሉካንዳ ወደ ሉካንዳ እየዞረ ቋሊማ ይቀምስና የወደደውን ይመርጣል። በዚህም በዓል ብዙ ሰዎች ያለ ደመወዝ ሲያገለግሉ አየሁ። እኔ ግን የባልቴቲቱ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ከጫጫታው ለመራቅ ወደ ቅዱስ ሎውረንስ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። በዚያም አንድ ባለ ቀለም የመስተዋት መስኮት አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ሲሆን፥ ቅድስት አገርን ተሳልመው የተመለሱ የሉድሎ ሰዎችን ያሳያል።

መስኮቱን ያሠራው በከተማው የነበረ የተሳላሚዎች ማኅበር ነው። በእንግሊዝ አገር ኢየሩሳሌምን የተሳለመ ሰው የዘንባባ ዝንጣፊ ይዞ ስለሚመለስ በዘንባባው ይጠራ ነበር፤ የማኅበሩም ስም ከዚያ የመጣ ነው። በ1284 የተጻፈውን የማኅበሩን ደንብ የተመለከተ ኢትዮጵያዊ የራሱን አገር ዕድር ያየ ይመስለዋል። ከአባሎቹ አንዱ በሌባ፥ በእሳት፥ በመርከብ መስጠም ወይም በቤት መፍረስ ንብረቱን ቢያጣ ማኅበሩ ይረዳዋል፤ ይህም አንድ ጊዜ፥ ሁለት ጊዜ፥ እስከ ሦስት ጊዜ ነው፤ አራተኛ ግን የለም። ጥሎሽ ያጣች መልካም ልጃገረድ ብትኖር ማኅበሩ ያግዛታል። አባል ሲሞት ሁሉም በቀብሩ ይገኛል። ሌሊቱን ከሬሳ ጋራ ማደር የሚፈልግ ሰው ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን መንፈስ ልጥራ ማለትና በሟቹ ላይ መቀለድ ክልክል ነው። ከዚህ የምንረዳው፥ ሰው በለቅሶ ቤት የሚያሳየው መልካምና ክፉ ጠባይ በየትም አገር አንድ መሆኑን ነው።

ይህ ማኅበር በብዙ ቤትና መሬት የከበረ ነበር። ይሁን እንጂ በንጉሥ ኤድዋርድ ስድስተኛ ዘመን፥ በ1551፥ ፈረሰ። ንብረቱም በሚከተለው ዓመት ለከተማው አስተዳደር ተላለፈ፤ ትምህርት ቤቱንና የድኾቹን ማደሪያ እንዲያስተዳድርም ታዘዘ። ስለዚህ ማኅበሩ ቢሞትም ሥራው ተቀባይ አገኘ። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፥ በስታፎርድሽር አውራጃ፥ አቦትስ ብሮምሊ በምትባል መንደር ደግሞ በየዓመቱ በሴፕቴምበር መጀመሪያ የቀንድ ጭፈራ አለ። ስድስት ሰዎች ስድስት ጥንድ የአጋዘን ቀንድ ተሸክመው ከቀስተኛና ከሙዚቃ ነፊ ጋራ ሆነው ቀኑን ሙሉ ከእርሻ ወደ እርሻ ይዞራሉ። ቀንዶቹ በምርመራ የ11ኛው መቶ ዓመት መሆናቸው ታውቋል፤ ከባዱም ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሮበርት ፕሎት የሚባል ሊቅ በ1686 ስለ ጭፈራው ሲጽፍ ሰዎች የሚያስታውሱት ያለፈ ነገር አድርጎ ነበር ያወሳው። ተቋርጦ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ግን አለ። አንድ ሰው ቀንዱን ከግድግዳ አውርዶ በትከሻው ባያደርገው ኖሮ ያ ሁሉ ዘመን ያስቈጠረ ነገር ለአቧራ ብቻ ይቀር ነበር።

የስብሰባው ማታ ደረሰ። ወደ ሃያ የምንሆን ሰዎች በአዳራሹ ተቀመጥን። ሊቀ መንበሩ የሒሳቡን ነገር አነበቡ፤ ከዚያም «ጸሐፊ የሚሆን ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ጫማውን አየ። እንደዚያ ያለ ዝምታ በእኛም አገር አለ፤ ዕድር ጸሐፊ ሲመርጥ የተገኘ ሰው ያውቀዋል። ሊቀ መንበሩ ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቁ፤ መልስ የለም። «እንግዲያውስ ለመዝጋት ድምፅ እንስጥ» ሊሉ ሲሉ፥ ከኋላ ተቀምጦ የነበረ በብረታ ብረት ሱቅ የሚሠራ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እጁን አነሣ። «ሥራው ምንድን ነው?» አለ።

ባልቴቲቱ ደብተሩን ገልጠው ማንበብ ጀመሩ። ማንበቡ ብዙ ደቂቃ ፈጀ። ልጁ እስኪጨርሱ ታግሦ እንዲህ አለ፦ «ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ የአሥር ሰው ነው። እኔ እንደ እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት አልችልም፤ ሁለት ዓመት ግን እችላለሁ፤ እርሱም መመዝገቡን ብቻ»። ወዲያው አንዲት የልጆች እናት «ዳኞቹን መጥራቱን እኔ ልያዝ» አለች። ሌላው ቍልፉን፥ ሌላዋ ማንቈርቈሪያውን ወሰዱ። እኔም የጠረጴዛውንና የመኪና ማቆሚያውን ገመድ ተቀበልኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ገጹ በስም ተሞላ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ባልቴቲቱ ጥቂት ዝም ብለው ከሄዱ በኋላ «ብጠይቃቸው ኖሮ ከዐሥር ዓመት በፊትም እሺ ይሉኝ ይሆን?» አሉኝ። ምን ልመልስላቸው? «አሁንም ዘግይቶ አልቀረም» አልኳቸው። እርሳቸውም ሣቁና «ልጁ የፊደል ግድፈት ይበዛበታል፤ ቢሆንም ዝም እላለሁ» አሉ። እንደ እኔ አስተያየት በዚያ ማታ ከተሠራው ሥራ ሁሉ ከባዱ ይህ የእርሳቸው ዝምታ ነበር። ሠላሳ ዓመት የያዘውን ነገር ለሌላ ሰጥቶ ዝም ማለት ቀንድ ከመሸከም ይከብዳል።

ከዚህ ነገር የተማርኩት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ወጣቶች ከሥራ የሚሸሹት ሁልጊዜ ስንፍና ስላላቸው አይደለም። መጨረሻ የሌለው ሥራ ያስፈራቸዋል። ትልቁ ሸክም ተከፋፍሎ፥ ጊዜውም ተወስኖ ሲሰጣቸው ይነሣሉ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው። ሁለተኛ፥ በጎ ሠራተኛ የሆነ ሰው ሥራውን ሁሉ ብቻውን በመያዝ ሳያውቅ ማኅበሩን ሊገድል ይችላል። ሁሉን የሚችል አንድ ሰው ያለበት ማኅበር ያ ሰው በታመመ ቀን ይታመማል።

የእኛ ዕድር በዚህ በኩል ጥበብ አለው። ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ ድንኳኑን የሚተክል ተራ አለው፤ የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ሞት የማንንም ቤት ስለማያልፍ ሁሉም ይፈራል፥ ስለሚፈራም ይመጣል። የእንግሊዞቹ የአትክልት ውድድር ግን መቀጫ የለውም፤ የሚያቆመው ፍቅር ብቻ ነው። ስለዚህ ቶሎ ይላላል። ነገር ግን እኛም አንመካ። ልጆቻችን ወደ ትልልቅ ከተሞችና ወደ ባሕር ማዶ ሲሄዱ፥ ገንዘብ በባንክ ልኮ በአካል የማይገኝ አባል ሲበዛ፥ ከዕድራችን ደብተር የሚሰረዘው ስም ተተኪ ያጣ ይሆናል። ገንዘብ ድንኳን ይገዛል፤ ካስማውን የሚመታው ግን ክንድ ነው።

በዚያው ወር መጨረሻ በቤተ ክርስቲያኑ የመከር ምስጋና ተደረገ። ይህ ልማድ ዛሬ ባለው መልኩ የተስፋፋው ሮበርት ሆከር የተባለ ቄስ በ1843 በኮርንዎል አውራጃ በሞርዌንስቶው ደብር ለመከሩ ልዩ የምስጋና ጸሎት ካደረገ ወዲህ ነው። ድሮ ነዶና ፍሬ ይቀርብ ነበር፤ ዛሬ ግን በቆርቆሮ የታሸገ ምግብም ይመጣል፥ ለተቸገሩም ይታደላል። የብረታ ብረት ሱቁ ልጅ ሣጥን ተሸክሞ ሲገባ አየሁት። ማንም አላጨበጨበለትም፤ እርሱም የጠበቀ አይመስልም ነበር።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፥ የምትኖርበት ሰፈር በትምህርት ቤት፥ በደብር፥ በስፖርት ማኅበር ወይም በዕድር አንዳች ደብተር አለው። ሂድና ያንን ደብተር የያዘውን ሰው ፈልግ፤ ምናልባት ሽማግሌ ይሆናል፥ ምናልባትም ደክሞታል። «ከዚህ ውስጥ አንዱን መስመር ለእኔ ስጡኝ፤ ይህን ያህል ጊዜ እይዘዋለሁ» በለው። ትንሹን መስመር ምረጥ፤ ነገር ግን የመረጥከውን አታጓድል። ዝናብ በዘነበ ቀንም፥ ጓደኞችህ ሌላ ጨዋታ በጠሩህ ቀንም ተገኝ። ጊዜህ ሲፈጸም ደግሞ ሥራውን የሙጥኝ አትበል፤ ከአንተ የሚያንሰውን ልጅ ጠርተህ አሳየው፤ ከስምህ ቀጥሎም ስሙን በእጁ እንዲጽፍ ብዕሩን ስጠው።